የእትዬ ብርቅነሽ የዋይፋይ ወረፋ

በዚህ አገር ሰልፍ ያለ ተቆጣጣሪ ተሰልፎ አያውቅም። የታክሲ ይሁን የዘይት ወይም የመታወቂያ፣ መሃሉ ላይ ማንም ያልሾማት፣ ስለዚህም ማንም ሊሽራት የማይችል አንዲት ሴት አለች። «አንተ ባለ ኮፍያ፣ ከማን ኋላ ነህ?» የምትለዋ። አንባቢ ሆይ፣ ያውቋታል። ፊት ስታደርስዎት መርቀዋታል፣ ወደ ኋላ ስትመልስዎት ረግመዋታል።

የእኛ ግቢዋ፣ ሽሮ ሜዳ ከባህል ልብስ ሱቆቹ ጀርባ፣ ክብርት ወይዘሮ ብርቅነሽ ናቸው፤ የወረፋ ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የጀሪካኖች ጠቅላይ አዛዥ። በትርፍ ሰዓታቸው ነጠላ እየቋጩ ይተዳደራሉ። ግቢያችን በአንድ ረድፍ የተደረደሩ አምስት ቤቶችና አንድ ቧንቧ ነው። ውሃ በፈረቃ በመጣ ቁጥር እትዬ ብርቅነሽ ነጠላቸውን አደግድገው ቧንቧው አጠገብ ይቆማሉ። ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ መያዝ በእሳቸው ዘመን ቀርቷል። የገዛ ወንድማቸውን ጀሪካን ከፊት አንስተው ከኋላ ያስቀመጡ ሴት ናቸው። «ተራ ይከበር!» ይላሉ። ደግሞም «ያለ ተራው የገባ ሰው አንገቱ ያጥራል» የሚል የራሳቸው ሳይንስ አላቸው። እኔ ግን ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ተጠራጣሪ ሰው ነኝና፣ «ለራሳቸው ጥሩውን ሰዓት ሳያስቀሩ አይቀሩም» እያልኩ አማቸው ነበር።

ከዚያ ዋይፋይ መጣ። አምስቱም ቤት አስገባ። የመጀመሪያው ሰው አንድ ወር ተደሰተ፤ አምስተኛው ሲያስገባ የሁላችንም ቆመ። እኔ ጎረቤቶቼን ለመብለጥ አራት አንቴና ያለው ራውተር ገዛሁ። ባሰበት። ስድስት አንቴና ያለው ይኖር እንደሆነ ማጠያየቅ ጀመርኩ።

በዚህ መሃል የመሃለኛው ቤት ልጅ ሲና ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል ተወዳድራ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ቀረበች። ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ምስሏ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ቀረ። ጠያቂዎቹ አዝነው «ሐሙስ አራት ሰዓት፣ የመጨረሻ ዕድል» ብለው ጻፉላት። እናቷ መሠረት ለቤተ ክርስቲያኗ የጸሎት ቡድን አሳወቀች። እትዬ ብርቅነሽ ለእንጦጦ ማርያም ጧፍ ተሳሉ። ከዚያ ሁለቱም ወገኖች ቴክኒሻን ቢጠራ ክፋት እንደሌለው ተስማሙና ከዊንጌት ቢኒያም መጣ።

«ችግሩ ጉልበት አይደለም» አለ ቢኒያም ስልኩን እያየ። «ራውተሮቹ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰማል። አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም ብሎ ይጠብቃል። አምስቱም አንድ ቻናል፣ አንድ የአየር መስመር ላይ ናቸው፤ በቃ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠባበቁና ሲጋጩ ይውላሉ።»

«ሁሉም ቃልቻ ከሆነ ማን ይሸከማል ስልቻ!» አሉ እትዬ ብርቅነሽ። «ለመሆኑ ስንት ቻናል አለ?»

«እ... ማለቴ፣ ሳይነካኩ የሚሠሩት ሦስት ናቸው።»

«ሦስት ቧንቧ፣ አምስት ቤት በለኛ!»

ገብተው የጥለት ክር ይዘው ወጡ። በየራውተሩ አንቴና ላይ አሰሩ፤ ከእኔ ቤት ጀምሮ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። አንድ ቀለም ያላቸው ጎን ለጎን አይቆሙም። ሰማያዊው፣ የሲና፣ ብቻውን ነው። «ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው» ብለው አዘዙ፤ «የራሱን ቤት ካዳረሰ ጎረቤት ድረስ ምን ያስጮኸዋል?» ይህን ሲሉ የኔን አራት አንቴና እያዩ ነበር።

ቢኒያም እንደ ክሩ ቀለም ቻናሎቹን አስተካከለ። «እትዬ፣ ይሄን የት ተማሩት?» ቢላቸው በአገጫቸው ቧንቧውን አሳዩት።

ግቢው በአንድ ቀን ሰው ሆነ። ችግሩ እኔ ነኝ። ቀዩን ከአራተኛው ቤት ጋር መጋራቴ ከነከነኝ። ሰማያዊው ላይ እኮ ያለችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት! ረቡዕ ዕለት፣ ሰው ሳያየኝ፣ ቅንብሩን ነካክቼ ወደ ሰማያዊው ገባሁ፤ ዝቅ የተደረገውን ጉልበቱንም መለስኩት። ቀዩን ክር አልፈታሁትም።

ሐሙስ ከአራት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ከመሃለኛው ቤት «ሃሎ? ይሰማል?» የሚል የሲና ድምፅ መጣ። ደግማ ጠየቀች። ሦስተኛ ጊዜም። እትዬ ብርቅነሽ ግቢው መሃል ቆመው አምስቱን በር አንድ በአንድ አዩና በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«አንገትህ አጥሯል።»

ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ በቀስታ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ከማን ኋላ ነህ?»

ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። ራውተሩን ከነሶኬቱ ነቀልኩት። እዚያው ቆመን አዳመጥን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሲና ሳትቆራረጥ፣ ረጋ ብላ ስትናገር ተሰማን። እትዬ ብርቅነሽ አማተቡና ቃለ መጠይቁ እስኪያልቅ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በውሃ ፈረቃ ቀን፣ ሲና ስልኳን ይዛ ከቤት እየሮጠች ወጣች፤ ቧንቧው አጠገብ ወዳሉት እትዬ ብርቅነሽ። «እትዬ! አል...» እጃቸውን ሽቅብ አነሡ።

«ቁሚ! ለእናትሽ ነግረሻል?»

«ገና ነኝ።»

«ተራ ይከበር! መጀመሪያ እናትሽ።»

ተመልሳ ሮጠች። የመሠረት እልልታ ግቢውን ሞላው። ሲናን ልንስማት ስንወጣ፣ ማንም ሳያዘን፣ ከበራቸው እስከ ቧንቧው አንድ ባንድ ተሰለፍን። እኔ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበርኩ። ማን እያሰለፈን እንደሆነ ለማየት ዞር ስል እትዬ ብርቅነሽ ከኋላዬ ቆመዋል። ጀሪካናቸውን ይዘዋል፤ ባዶውን ነው። የሁላችንም ሞልቷል። እዚህ ግቢ በኖርኩበት ስድስት ዓመት ውስጥ ከሰው ቀድመው ሲቀዱ አንድ ቀን እንኳ አይቻቸው እንደማላውቅ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«እትዬ፣ ከእኔ ፊት ይግቡ» አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ዞር በል ወደ ፊትህ!» አሉኝ። «ተራ ይከበር!»

ዞርኩ።