የአምና ጠበቃ

ውሃ የሌለው ከተማ አይቻለሁ። መብራት የሌለው ከተማም ኖሬበታለሁ። «የአምናው ይሻል ነበር» የሚል ሰው የሌለው ከተማ ግን ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ አላጋጠመኝም። መንግሥት ለየከተማው ዳኛና ፖሊስ ሲመድብ ይህንንም ሰው አብሮ የሚልክ ይመስለኛል። ደመወዝ የለው፣ ቢሮ የለው፣ ግን አንድ ቀን ከሥራው ቀርቶ አያውቅም።

ለእኛ ለዲላዎች የደረሱን ክቡር አቶ ታረቀኝ ናቸው። ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የተገለሉ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ምርኩዛቸውን ለመደገፍ ሳይሆን ለመጠቆም የያዙ ሽማግሌ ናቸው። እኔ የማስተምራቸው ልጆች «የአምና ጠበቃ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። ስሙ ጆሯቸው ሲደርስ ልቆጣ ብለው አልተነሡም። አምና የወጣላቸው ስም ይሻል እንደነበር ብቻ ተናገሩ።

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠነክር ዲላ ሰው ትሆናለች። ቡናው መቅላት ይጀምራል፣ የነጋዴው ፊት ይፈታል፣ ማሲንቆ መቺው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በየጠጅ ቤቱ ብቅ ይላል። ደመራው፣ የመዘምራኑ ጉባኤ፣ የሲኒማው መኪና፣ በመጨረሻም ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን የጃንሆይ የዘውድ በዓል በተከታታይ ይመጣሉ። ሌላው ቡናውን ሲለቅም አቶ ታረቀኝ እንከን ይለቅማሉ።

ደመራው ተለኩሶ ሕዝቡ በየት በኩል ይወድቅ ይሆን እያለ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ወድቆ ሴቶቹ እልል ሲሉ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወደቀ እንጂ አወዳደቅ አያውቅም ይላሉ፤ የአምናው ግን አወዳደቁ ራሱ ጨዋነት ነበረው። አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ወባ የሚያስተምር ፊልም የጫነ መኪና መጥቶ በቡና መጋዘን ግድግዳ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጠረ። ቤት የምታህል ትንኝ ስትታይ ሕጻናቱ ጮኹ። አቶ ታረቀኝ የአምናዋ ትንኝ ትልቅ ነበረች አሉ። ባለ ፊልሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበርና፣ ጌታዬ ፊልሙም ያው ነው ትንኟም ያችው ናት ሲል አስረዳቸው። «እንግዲያው ከስታለች» ብለው ሄዱ።

ከቡሌ ደጋ በእግራቸው የወረዱ መዘምራን እንኳ አልተረፉም። እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ፣ ሳያርፉ፣ በጌዴኦኛ የሚያስለቅስ መዝሙር ዘመሩልን። አቶ ታረቀኝ ወደ መሪያቸው ጠጋ ብለው የተለመደውን ተናገሩ። መሪው ግራ ገባው።

«ጋሼ፣ እኛ አምና መች መጣንና» አላቸው።

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አሉት።

እኔ የትምህርት ቤቱ የበዓል ኮሚቴ አባል ስለነበርኩ የሚበዛው ፍላጻ የሚያርፈው በእኔ ላይ ነው። ልጆቹን ከመስከረም ጀምሬ አለማምዳለሁ፤ የሙዚቃ መምህሩ ወልዱ መዝሙር ይደርሳል፣ አኮርዲዮኑን እስኪያልበው ይጫወታል፤ በበዓሉ ማግስት አቶ ታረቀኝ መንገድ ላይ አስቁመውን ማን ስንኝ እንደዘለለ፣ ማን በተሳሳተ እግር እንደወጣ ይዘረዝሩልናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ከሞኝና ከወረቀት ቀጥሎ ሦስተኛው እሳቸው ናቸው። እውነቱን ለመናገር ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር።

እንግዲህ ወደ ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረቱ በዓል ልምጣ። ከእሱ በፊት የነበረው ክረምት ክፉ ነበር።

በመናኸሪያው ጎን ሻይ ቤት ያላት ይመኙሻል አንድ ልጅ ነበረቻት፤ ስመኝ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ የዘውዱን በዓል መዝሙር የምታወጣልን እሷ ነበረች። ነሐሴ ላይ ወባ ጣላት። በክኒኑ አልመለስ ሲላት፣ የጭነት መኪና ያለው ነዚፍ የሚባል ነጋዴ ማንም ሳይለምነው ሞተሩን አስነሥቶ እናትና ልጅን ጋቢና አስገባና ወደ ሆስፒታል ጉዞ ጀመረ። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶት አገኙት። ከወዲያ ማዶ የቆሙ መኪኖች ይታያሉ፤ ውሃው ግን ሰውም በቅሎም አያሻግርም። ቢጠብቁ ይጎድላል ተባለ፣ ጠበቁ። ስመኝ እዚያው ጋቢና ውስጥ በእናቷ ጭን ላይ ሞተች። ነዚፍ ከዚያ ወዲህ ስለዚያ መንገድ ሲነሣ ከሰው መሐል ተነሥቶ ይወጣል።

እኛ አገር ሐዘንተኛን የምንረዳበት መንገድ አንድ ነው። ሐዘኑ እንዳይነሣባት ብለን የሟቿን ስም አፋችን ላይ አናመጣም። ጎረቤቶቿ የልጅቱን ልብስ ሰብስበው ወሰዱ፣ ፎቶግራፏን ከግድግዳ አወረዱ። ስመኝ የምትባል ሌላ ልጅ በሰፈሩ ነበረች፤ እናቷ በይመኙሻል ደጅ ስታልፍ «አንቺ ልጅ» ብላ ትጠራት ጀመር። ሻይ ልንጠጣ ስንገባም ስለ ዝናብና ስለ ቡና ብቻ እናወራለን። ይመኙሻል ብርጭቆውን ታስቀምጥና፣ አንድ ነገር የምትጠብቅ ይመስል፣ ቆማ ትቀራለች። እኛ ሻዩን ፉት እንላለን። ይህን ሁሉ በደግነት ነው ያደረግነው፤ አንዳችንም ክፉ አላሰብንም።

ሕጉን የጣሱት አቶ ታረቀኝ ብቻ ናቸው። በለቅሶው ቤት ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ተቀምጦ ሳለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አምና በዘውዱ በዓል ስመኝ…» ብለው ጀመሩ። ሴቶቹ ቃላቸውን በሳል ሸፈኑት። ሁለት ጎረምሶች በክንዳቸው ደግፈው፣ ያመማቸው ሰው አስመስለው፣ ወደ ውጭ አወጧቸው። ይህ ነውር ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የከተማው መነጋገሪያ ሆነ።

ስለዚህ በዓሉ ሲቃረብ ኮሚቴው ተጨነቀ። የስመኝን መዝሙር የነዚፍ ልጅ ጦይባ ትዘምር ተባለ። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሽማግሌው በሕዝብ ፊት የአምናዋ ትሻል ነበር ቢሉስ? ይመኙሻል ከል ለብሳ ወደ በዓል እንደማትመጣ እናውቃለን፤ ቃሉ ግን ሻይ ቤቷ ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ወልዱና እኔ ተልከን ቤታቸው ሄድን። ዘንድሮ አምናን እንዳያነሡ ለመንናቸው።

ታዲያ ምን ልበል ብለው ጠየቁን፤ ቀልድ አልነበረም፣ እውነት ጨንቋቸው ነው። ወልዱ ምንም እንዳይሉ፣ ዝም አይነቅዝም ብሎ መለሰላቸው። ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተደገፉበት። «እናቲቱን የሚጎዳት ከሆነ እሺ» አሉ በመጨረሻ። ስንወጣ ወልዱ ደስ አለው። እኔ ግን ሽማግሌው እንዲህ አርጅተው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

የበዓሉ ቀን ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። የአውራጃው ሹማምንት ፊት፣ ነጋዴዎቹ ከኋላቸው፣ ጡረተኞቹ ከነጋዴዎቹ ኋላ ተቀመጡ፤ ገበሬው እንደ ወትሮው ከገመዱ ወዲያ በቁሙ ያያል። ንግግሩ ተነበበ፣ ሰልፉ አለፈ። ጦይባ ወደ መድረኩ ልትወጣ ስትል የድንኳኑ ጥግ ተገለጠና ይመኙሻል ብቻዋን ገባች። ከእግሯ እስከ ራሷ ጥቁር ለብሳለች። ዓመት ያልሞላው ሐዘንተኛ ዘውድ በዓል ላይ ሲታይ የመጀመሪያው ነው። ሴቶች ሊመልሷት ተነሡ፤ አልፋቸው ሄዳ ከጡረተኞቹ ረድፍ መጨረሻ፣ አቶ ታረቀኝ አጠገብ ተቀመጠች።

ጦይባ ዘመረች። መልካም ዘመረች፤ አንድ ቃል አልሳተችም። ስትጨርስ ግን የሚያጨበጭብ ጠፋ። ሰው ሁሉ ጥቁሩን ልብስ አየ፣ ቀጥሎም አቶ ታረቀኝን አየ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን ገጥመው መሬት መሬት ያያሉ። ቃላቸውን ጠበቁ። እኔም በልቤ አምላክን ሳመሰግን ይመኙሻል ወደ እሳቸው ዞረች።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ አምና እንዴት ነበር?» አለቻቸው።

ሽማግሌው እኔን ፈልገው አዩኝ። «ዝም ልል ቃል ገብቻለሁ፣ እቴ» አሏት።

«ሁሉም ዝም አለ» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም፤ ድንኳኑ ጸጥ ስላለ ሁላችንም ሰማናት። «ከነሐሴ ወዲህ ስሟን የጠራልኝ ሰው የለም። ልጅ ያልወለድኩ እስኪመስለኝ። እርስዎ በለቅሶው ቀን ሊነግሩኝ ጀምረው አስወጡብኝ። እሱን ልሰማ ነው የመጣሁት።»

አቶ ታረቀኝ ተነሥተው ቆሙ። አሁን እንኳ ቢሆን ያሳምሯታል፣ ስለ ሟች ክፉ አይወራም ብዬ ነበር። ሰውዬው ግን ለሟችም አያዳሉም።

«እውነቱን ልንገርሽ» አሉ፤ «የስመኝ አጀማመር ጥሩ አልነበረም። ነጠላዋ ወደ ግራ ተንሸራቶባት እሱን ስታስተካክል አኮርዲዮኑ ቀደማት። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጨርሶ ጠፋባት።» ወልዱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ሌላ ልጅ ብትሆን አልቅሳ ትወርድ ነበር። እሷ ግን ቆመች። ሰዉን ሁሉ በዓይኗ ፈለገች፣ ፈለገችና አንቺን ከገመዱ አጠገብ አገኘችሽ። ያኔ ሳቀች። በሳቋ ላይ ከመጀመሪያው ጀመረችው። ከዚያ ወዲያ የሰማሁትን እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከሌላ ሰው አልሰማሁም። ይኸው ነው።»

ይመኙሻል ታለቅሳለች። አፏ ግን ይስቃል። ነጠላውን በችኮላ ያለበስኳት እኔ ነኝ፣ ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮች ይዘውኝ ነበር አለች፤ ይህን ለማን እንደምትናገር አይታወቅም። ከኋላ አንዲት ሴት፣ ስመኝ ልጄን ስሌት ታስጠናልኝ ነበር ስትል ተሰማች። ከገመዱ ወዲያ የቆመ ገበሬም፣ እኔም ሳቋን አየሁ አለ። ነዚፍ እንኳ ዓይኑን እየጠረገ በቦታው ተቀምጦ ቀረ።

ክቡር አቶ ታረቀኝን ለብዙ ዓመት ሸሽቻቸዋለሁ። ያን ቀን ወደድኳቸው፤ ደግሞም አፈርኩ። እኛ ለዚያች ሴት እህል አዋጥተናል፣ ውሃ ቀድተናል፣ ከአጠገቧ አልራቅንም። ልጇን ግን እንደነበረች፣ ከነስሕተቷ፣ ይዞ ያቆየላት ይህ የማንወደው ሽማግሌ ብቻ ነው። እኔም ስሞት እንዲህ ያለ አንድ ክፉ ሰው እንዲተርፈኝ እመኛለሁ።

የአውራጃው ሹም ወደ እኛ እየተመለከቱ ዝግጅቱ እንዲቀጥል በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ወልዱ አኮርዲዮኑን አንሥቶ ትከሻው ላይ አጠለቀ። ይመኙሻል ግን ገና አልጠገበችም። ፊቷን በጥቁሩ ነጠላ ጫፍ ጠረገች፣ ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች።

«ካቻምናስ?» አለቻቸው።