ለቀይ ባልዲ ሰላም የሚሉት መምህር

ከገበያ ዝርዝር በቀር ጽፌ አላውቅም፤ ብሳሳት ይቅር በሉኝ። ለመሆኑ ቆሻሻ ውሃ የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ጉደር ውስጥ አክርማ የሚባለውን ሣር ከሱቅ በሚገዛ ቀለም እየነከርኩ ሰፌድ እሰፋለሁ። እጣቢውን ስደፋ፣ ጎረቤቴ ኦቦ ደበላ ላማቸውን የሚያጠጡበት ጅረት ደም ይመስላል።

"ወይ ቀለሙን ተዪ፣ ወይ ቀበሌ እንገናኝ" አሉኝ።

ቀይ የሌለው ሰፌድ ማን ይገዛኛል?

ይህን የሰሙ አንድ የካምፓስ መምህር መጡ። ሰው ቤት ሲገባ ለቤቱ ሰው ሰላምታ ይሰጣል አይደል? እሳቸው ግን ቀዩ ባልዲ ላይ ጎንበስ ብለው "አካም ጅርታ?" አሉት። ከዚያ የጅቡቲ ሾፌር ያመጣላቸውን የደረቀ የባሕር አረም ፈጭተው፣ ታቹ በተበሳ ጀሪካን ውስጥ ጠቀጠቁና እጣቢዬን አፈሰሱበት። ሽታው ጎረቤት አባረረ። ቀለሙ ግን አረሙ ላይ ቀርቶ፣ በቀዳዳው ወደ ሌላ ባልዲ የሚንጠባጠበው ውሃ ጠራ።

የኦቦ ደበላ ላም ከጌታዋ ጋር መጥታ ኖሮ አፏን ወደ ጠራው ውሃ ሰደደች። መምህሩ እንደ በረኛ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷ ቆሙ። ገፋቻቸው፤ ጭቃው ላይ በቂጣቸው ተቀመጡ፤ ባልዲውን ግን አቅፈው አልለቀቁም።

"ቀለሙ ለቀቀ እንጂ ለመጠጥ ገና አልተመረመረም!" እያሉ ይጮኻሉ።

ኦቦ ደበላ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ራሱ ያጣራውን ውሃ ላሜን የከለከለ ሰው አይዋሽም። እስኪመረመር የተጣራውን ወደ ባሕር ዛፌ ድፊው፤ ቀዩን ንከሪ፣ ልጄ።"