የመጨረሻውን ዋጋ መጀመሪያ የተናገርኩ ዕለት

ሐቀኝነት የዓመታት ደንበኛዬን አሳጥቶኛል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ፣ የብርድ ልብስ ክምር ተደግፌ፣ ሻጭ የማይምልበት፣ ገዢ የማይነታረክበት መርካቶ ወለል ብሎ ታየኝ። ነጋዴ እንዲህ ያልማል እንዴ? እኔ አለምኩ። በዚያው መንፈስ ሳለሁ፣ ብርድ ልብስ ከእኔ እየገዙ ሁለት ልጆቻቸውን የዳሩት እትዬ ዘነበች ለሦስተኛዋ ሠርግ መጡ።

«ይሄ ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ፤ የመጨረሻው ዋጋ ነው። ትርፌ መቶ ብር ብቻ ናት፣ እትዬ።»

«ምነው፣ ተጣላን እንዴ?»

«ኧረ እውነቴን ነው!»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

ጎረቤቴ ያንኑ ብርድ ልብስ ሦስት ሺህ ብሎ ጀመረ፤ በልጆቹ ማለ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፣ በሁለት ሺህ አራት መቶ ለቀቀ። እትዬ ታቅፈውት በደጄ ሲያልፉ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ስድስት መቶ ቀነሰልኝ! ሰው ማክበር ከእሱ ተማር።»

የዕለቱ ሒሳብ፦ ሽያጭ የለም፤ ደንበኛ አንድ ጎድሏል።