ሜላት አሮጌውን ዲስክ ያስጋለቡበት ቀን

«በሳጥኑ ውስጥ የነበረውን ግራጫ ጠፍጣፋ ገመድ ያነሣው ማን ነው?» ተብሎ በቤታችን ታወጀ። ይህም የሆነው እኔ ውብአየሁ ፊደል በቆጠርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ልጄ ሜላት ባሕር ዳር ሥራ ባገኙ በሦስተኛው ሳምንት፣ በዳንግላ ከተማ፣ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ዜና መዋዕል ስለሆነ ልጄን አንቱ እላለሁ፤ ድስት ስታሳርር ግን አንቺ ናት።

በዚያም ዘመን በአሮጌው ኮምፒውተራችን ሆድ ውስጥ ያለው ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሮ ነበር። በውስጡም ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ አስቻለው ስለ ፈረሶች በአዊኛ ሲያወጋ የተቀረጸ አርባ ጊጋባይት ቪዲዮ ነበረ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። ዲስኩ ከሞተ አስቻለው ሁለተኛ ሊሞትብኝ ነው።

ወእምዝ የሊኑክስ እመቤት፣ የብሎን መፍቻ ባለቤት ሜላት እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ቪዲዮውንም ወደ አዲስ የውጭ ዲስክ ይገለብጡ ጀመር። ተከትለዋቸው የተሰለፉትም እነዚህ ናቸው፤ በቀኝ ጎረቤታችን ወይዘሮ ማናየሽ፣ ዲስኩን ፀሐይ እንዳይመታው ጃንጥላ ዘርግተው፤ በግራ ጋሪ ነጂው አቶ ዓባይነህ ከነአለንጋቸው፤ በደጅ የልጄ ሻንጣ የተጫነበት ጋሪና ፈረሱ፤ ከሁሉ ኋላ እኔ፣ የደብተሮቼን ጥቅል ታቅፌ።

በጥቁሩ ገጽ ላይ፣ ማሽኑን የሚያዘው ፕሮግራም ሊኑክስ የጻፈውን እኔው በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ፤ በሰከንድ ሦስት ሜጋባይት። ሜላትም «አራት ሰዓት ሊፈጅ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደኝ ሚኒባስ ግን ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል» ሲሉ አወጁ። ከእርሳቸው በቀር ይህን ሥራ የሚያውቅ በቤታችን የለም።

አቶ ዓባይነህ ወደ ዲስኩ በአለንጋቸው እያመለከቱ «ፈረሱ ደህና ነው፤ የተበላሸው ልጓሙ ነው» ብለው አወጁ። ወይዘሮ ማናየሽ ደግሞ «መጀመሪያ የራስዎ ጋሪ ጎማ ይበጅ» የሚል አዋጅ አስነገሩ።

ሜላት ግን ማሽኑን አጥፍተው፣ ከፍተው አዩ። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ገመድ አርጅቷል፤ ሊኑክስም ስሕተት ባየ ቁጥር ዕቃው እንዳይበላሽ ፍጥነቱን እየቀነሰ በእግር ያስኬደዋል፤ ደህናው ገመድ፣ ሰማንያ ቀጫጭን ሽቦ ያለው፣ በሳጥን ተቀምጦ ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ባዶ ሆኖ ተገኘ። ያ በመጀመሪያ የጻፍሁት የገመድ አዋጅ የተነገረው ያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ማናየሽ እቅፌን አዩ። እኔም አየሁ። ገመዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ መሠረተ ትምህርት ስሄድ ደብተሮቼን ያሰርሁበት፣ ዝናብ የማያርሰው መቀነቴ ነበር፤ ጫፉን በልብስ መቆንጠጫ ስለያዝሁት ቋጠሮ አልነካውም። ወበጊዜሃ ፈትቼ በሁለት እጄ ሰጠሁ፤ ደብተሮቼም መሬት ላይ ተበተኑ።

ገመዱ ተሰካ፤ ማሽኑ ተነሣ፤ ቁጥሩ ሠላሳ አለ። ወይዘሮ ማናየሽ ሦስት ጊዜ እልል አሉ፤ የደጁ ፈረስ ደንብሮ ጋሪውን እስከ አጥሩ ጎተተው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አርባው ጊጋባይት ተሻገረ።

ሜላት፣ የዘገየውን ያስጋለቡ፣ እናታቸውን በሰው ፊት ያልገሠጹ፣ ስማቸው በአዊ ምድር ሁሉ ይጠራ። አዲሱን ዲስክ በመዳፌ አኖሩ፤ ጋሪው ላይ ወጡ።

ሜላት ሄደች። እኔና አስቻለው ቀረን።