ጎል ሲገባ የሚቆጠር ዝምድና

ጎል ሲገባ ዘመድ የሚበዛለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ለእኔ አማቴ አቶ ዳምጤ አሉልኝ፣ የጣና ዳሯ የቁንዝላ ሰው።

የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ባሕር ዳር ላይ ከውጭ ቡድን ጋር ሲጫወት አብረን ስታዲየም ገባን። ካላሸነፍን ከውድድሩ መውጣታችን ነው። ዘጠኝ ቁጥሯ ባዶ ጎል ሳተች። አማቴ፣ "የማክሰኝት ልጅ መሆን አለባት፤ የእኛ አገር ልጅ እንዲህ አትስትም" ብለው ደመደሙ።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ያችው ልጅ በግንባሯ አገባች። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ብቻ ይመስላችሁ ነበር? አማቴ ቆመው ለጎል ቆጠሩ።

"በእናቷ የቁንዝላ ናት፤ አያቷ የአያቴ የአክስት ልጅ ነበሩ።"

ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ዞር አሉ። "እናቷ እኔ ነኝ። የወንዛዬ ሰው ነኝ።"

ታዲያ አፈሩ? "የወንዛዬስ ውሃ የሚገባው ጣና አይደል?" ብለው ሴትዮዋን አገላብጠው ሳሟቸው።

"እሰይ፣ እንኳን ተገናኘን" አሉ ሴትዮዋ። "ስትስትስ ዘመድዎ አልነበረችም?"

መንገዱን ሙሉ በአማቴ ስስቅ ተመለስሁ። በማግስቱ ግን መሥሪያ ቤት ስለ ጎሉ ሲወራ ዝም ማለት አቃተኝ።

"ዘጠኝ ቁጥሯ" አልሁ፣ "በሚስቴ በኩል ዘመዴ ናት።"