በዘራችን የለም

በዚህች አገር እብድ የሌለበት ሰፈር የለም፤ እብድ ያለበት ዘር ግን ተፈልጎ አይገኝም። ይህን የምለው ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ሠራሁ፤ አሁን ደግሞ ፍርድ ቤት "አእምሮው ጤነኛ ነው ወይስ አይደለም? መርምራችሁ አስታውቁኝ" እያለ የሚልካቸው ተከሳሾች በሚተኙበት ክፍል ነኝ። ስሜ ነፃነት ነው፤ የክፍሉ በር የሚቆለፈው ከውጭ ነው። በዚህ ያልቀለደብኝ ፖሊስ እስካሁን አልገጠመኝም።

ታማሚ ሲመጣ ቤተሰቡን የምንጠይቀው ጥያቄ አለ። "በዘራችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ነበረ? አያት፣ አጎት፣ አክስት?" መልሱ ጥያቄዬ ሳያልቅ ነው የሚመጣው። "በዘራችን የለም!" እንግዲህ በየመንገዱ የምናያቸው፣ ሾላ ገበያ ታክሲ ተራው ላይ ቆመው ማንም ሳይሾማቸው መኪና የሚያስተናብሩት ሁሉ ከሰማይ ዱብ ያሉ ናቸው ማለት ነው። እናት የላቸውም፤ አጎት የላቸውም።

"በዘራችን የለም" ባዩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ በዕድሜ ጠና ያለ፣ ለቅሶ ቤት ሲገባ ወንበር የሚለቀቅለት ሰው ነው። ታማሚውን ተሸክመው ያመጡት ከኋላ ይቀሩና እሱ ከፊት ይገባል። ልብሱን አውልቆ አስፋልት ላይ ሲሮጥ የተያዘ ልጁን ያመጣ አንድ አባት "ሙቀት ነው" ብሎኛል። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ያውም የእንጦጦ ሐምሌ። "መጽሐፍ አብዝታ ነው" ያለችኝ እናትም ነበረች፤ ልጅቷ ትምህርት ያቆመችው ከአራተኛ ክፍል ነው። አንዱ ደግሞ የቤተሰቡ ስም እንዳይነሳ ብሎ ልጁን በጎረቤቱ ልጅ ስም ካርድ አወጣለት። ባለ ስሙ ከጊዜ በኋላ ጆሮውን አሞት ሆስፒታላችን ቢመጣ፣ ካርዱን ያዩ ሰዎች በቀጥታ ወደ እኛ ላኩት። "ጤነኛ ነኝ!" እያለ ቢጮህ ማን ይመነው? እዚህ የሚገባው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው።

አንድ ሾፌርማ "ዘር" የሚለውን ቃል ሲሰማ ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ሲስተር፣ እኔ ዘር አልቆጥርም! ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ጻፊው!" አለኝ። ወንድሙ በዚያው ሰዓት ከጣሪያው አምፖል ጋር ይጨቃጨቅ ነበር።

የሰው ብቻ ለምን አወራለሁ? የራሴ እናት ለዕድርተኛው ሁሉ "ልጄ ሕፃናት ክፍል ነው የምትሠራው" ነው የምትለው። የእብድ ነርስም በዘራችን የለም።

የዚህ ማኅበር የበላይ ጠባቂ ግን ክብርት እትዬ ብዙነሽ ናቸው። የሰባት ቤት ዘር ዘብ፣ የቤተሰቡ ስም ባለ አደራ ናቸው፤ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ባለው መንደር ሰው ያለ እሳቸው ፈቃድ አይታመምም። እኛ ክፍል የመጡት በፋኑኤል ምክንያት ነው። ፋኑኤል የሟች ታናሽ እህታቸው ልጅ ሲሆን፣ እሱንም እህቱን ሃኒንም ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ልጁ ሾላ ገበያ፣ ከማለዲን ከሚባል የቅመማ ቅመም ነጋዴ ዘንድ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን የሚዛን ድንጋይ አንስቶ የአሠሪውን ትከሻ ሰበረው። "አእምሮዬን እየመዘነ በኪሎ ይሸጥብኛል" ብሏል ለፖሊስ። የሰነዘረው ለጭንቅላቱ ስለነበር ክሱ የግድያ ሙከራ ሆነ። እኛ ጋ ከደረሰ በኋላ ግን ዝም አለ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ግድግዳ ያያል። ጠባቂው ፖሊስ "አውቆ አበድ ነው" ብሎ ከዳኛው በፊት ፈረደበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሌላው ቦታ ጤነኛ መባል ምርቃት ነው። በእኛ ክፍል ጤነኛ የተባለው ወደ ወህኒ፣ የታመመው ወደ ሕክምና ነው የሚሄደው። ፋኑኤል ያን ቀን ታሞ እንደነበረ ለማወቅ፣ ከዚያ በፊት ቤቱ ውስጥ እንዴት ይሆን እንደነበር የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል። ሃኒ ሥራዋ አዳማ ነው። አብረውት የሚያድሩት እትዬ ብዙነሽ ብቻ ናቸው።

"ልጄ ጤነኛ ነው" አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ።

"እትዬ፣ ጤነኛ ነው ካሉን እኮ ይፈረድበታል።"

"ይፈረድበታ! ሰው መታ፤ ወንድ ልጅ ይማታል። እስር ቤት ለወንድ ልጅ ነው።"

"ብዙ ዓመት ሊሆን ይችላል።"

"እስር ይፈታል፣ ሲስተር። እብደት ይፈታል? ሥራሽ ነው፤ እስቲ ንገሪኝ።"

እንዲህ ያለው ጥያቄ ያናድደኛል። መድኃኒት እንሰጣለን፤ ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፤ ሥራ ይገባሉ። ስሙን ግን የሚፈታ መርፌ አልተሠራም። ሃኒ ደግሞ ልትዳር ነው። ወንደሰን የሚባል እጮኛ አላት፤ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ልከዋል፤ ሽማግሌ ደግሞ ዘር ይጠይቃል። ስለ ታሳሪ ቢሰማ "የወንድ ነገር ነው" ብሎ ያልፋል። ስለ እብድ የሰማ ዕለት ግን ጋቢውን ሰብስቦ ይነሳል። እትዬ ብዙነሽ ይህን ሒሳብ ሠርተው ጨርሰዋል። ከሁለቱ ልጆች አንዱን ለማዳን አንዱን ወህኒ ለመላክ ቆርጠዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፋኑኤል ከዝምታው ወጥቶ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ጀመረ። ራሱን እንዳይጎዳ አልጋው ላይ አሰርነው። እትዬ ብዙነሽ ሊጠይቁት መጥተው በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ኡኡ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ቀረብ አሉና "ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጨርቅ አድርጊበት" አሉኝ። "ካላደረግሽበት ይልጠዋል፤ ከተላጠ ዝንብ ያርፍበታል።" ማሰሪያችን ራሱ ለስላሳ ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ! የነጠላቸውን ጫፍ ቀደው ራሳቸው ጠቀለሉለት። ማብሰሉንም፣ ማከሙንም፣ ማሰሩንም እሳቸው ናቸው የሚያውቁት ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ።

ከዚያ ከማለዲን መጣ። አንድ እጁ አንገቱ ላይ ታስሯል፤ በሌላኛው ብርቱካን ይዟል። ሐኪማችንን፣ ዶክተር ሕሩይን ሊያነጋግር ነበር የመጣው፤ ኮሪደሩ ላይ ከእትዬ ብዙነሽ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"እትዬ ብዙነሽ፣ ወላሂ ልጁን አሞታል" አላቸው። "እኔ የገበያ ሰው ነኝ፤ ተንኮለኛ አይጠፋኝም። አውቆ አልመታኝም።"

"አውቆ ነው የመታህ!" አሉ እትዬ ብዙነሽ። "ምን ጎደለውና ነው ሳያውቅ የሚመታህ? አስቦ፣ አነጣጥሮ ነው የመታህ!"

ጠባቂው ፖሊስ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ተመቺው ይከላከላል፣ አሳዳጊዋ ትከስሳለች፤ የዳኛ ያለህ!

"እትዬ፣ የተሰበረው እኮ የኔ ትከሻ ነው!"

"ትከሻው ያንተ ቢሆን፣ ዘሩ የኔ ነው!"

ዶክተር ሕሩይ ከማለዲንን አስገብቶ ምን ምን እንዳየ ጠየቀው። "ሱቅ ሲመጣ ዝም ይላል። አንዳንዴ ሚዛኑን በጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር" አለ። "የቤቱን ግን እኔ ምን አውቄ? እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።" ብርቱካኑን ለእኔ ሰጥቶኝ ሄደ። እትዬ ብዙነሽ ብርቱካኑን እየላጡ ለፋኑኤል አጎረሱት፤ ከማን እንደመጣ ግን አልነገሩትም።

ሪፖርቱን ለፍርድ ቤቱ የምንልክበት ጊዜ ደረሰ። ዶክተሩ ቤተሰቡን ለመጨረሻ ጊዜ ጠራ። ሃኒ ከአዳማ መጣች፤ ወንደሰን በመኪናው አድርሷት ነበርና ውጭ መቅረቱን ነውር አድርጎት አብሯት ገባ። እትዬ ብዙነሽ አልወደዱትም። ግን አማች የሚሆን ሰው ውጣ ይባላል?

ጥያቄዎቹን በየተራ ጠየቅኋቸው። ሁሉንም መለሱልኝ፤ ጤነኛ ነው፣ ጤነኛ ነበር፣ እንቅልፉ ደግ ነው፣ ምግቡን ይበላል። ልጁን ወደ ወህኒ የሚወስደው መንገድ በእሳቸው አፍ እየተጠረገ ነበር። የመጨረሻው ያው የኔ ጥያቄ ነው። "በዘራችሁ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ነበረ?" እትዬ ብዙነሽ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉን እኔም አብሬያቸው ልለው ደርሼ ነበር።

በዚያው ቅጽበት ፖሊሱ ፋኑኤልን ከፍርድ ቤት ቀጠሮ መልሶ በተከፈተው በር ፊት አሳለፈው። እግሩ በብረት ታስሯል። ብረቱ ቁርጭምጭሚቱን ልጦት ካልሲው በደም ርሷል። እትዬ ብዙነሽ ዓይናቸው እዚያ እግር ላይ ቀረ።

"ጨርቅ አድርጉበት ብዬ አልነበረም?" አሉ፣ ቀስ ብለው።

"እትዬ፣ ይሄ የእኛ አይደለም፤ የፖሊስ..."

"ጻፊ" አሉኝ። "አለ በዪ። በዘራችን አለ። እኔ ነኝ።"

ሃኒ "እትዬ!" ብላ ክንዳቸውን ያዘች። አላዩዋትም።

"እንጦጦ፣ አባቴ ጓሮ፣ ክረምቱን ሙሉ ከባሕር ዛፍ ጋር ታስሬ ከረምኩ። ገና ኮረዳ ነበርኩ። ሰው ሲመጣ አባቴ 'አክስቷ ጋ ሄዳለች' ይላል። ሽማግሌ መጥቶ 'ሰው የሚያወራው እውነት ነው ወይ?' ሲለው 'በዘራችን የለም!' ይላል። ከጓሮ ሆኜ እሰማው ነበር። ለኔ ጨርቅ ያደረገልኝ ሰው የለም።" ወደ ዶክተሩ ዞሩ። "ይሄም ልጅ ያን ሰው ከመምታቱ በፊት፣ ከፋሲካ ጀምሮ ግድግዳ ሲያናግር ያድር ነበር። በር ቆልፌ ደበቅኩት። ጤነኛ ነው ያልኳችሁ ውሸቴን ነው።"

ወንደሰን የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ሲያሽከረክር ነበር፤ አቆመ። እኔ ጻፍኩ።

ፍርድ ቤቱ ፋኑኤል እንዲታከም አዘዘ። መድኃኒቱ ሲይዘው መጀመሪያ የጠየቀኝ "የጋሼ ከማለዲን ትከሻ ዳነ?" ብሎ ነው። የወንደሰን ሽማግሌዎችም መልእክት ላኩ፤ "ጥቂት እንቆይ" የሚል። በእኛ አገር ጥቂት እንቆይ ማለት ከእንግዲህ በራችሁን አንረግጥም ማለት ነው። ሃኒ የአክስቷን ስልክ አታነሳም። መንደሩ ደግሞ የልጁን መታሰር ሲሰማ "አይዞዎት" ሲል የነበረው ሁሉ፣ መታመሙን ሲሰማ መንገድ ያቋርጥባቸው ጀመር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እትዬ ብዙነሽ ይኸው ያድራሉ፤ የጠራላቸው ነገር ግን አላየሁም።

አንድ ቀን "ሲስተር፣ ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ ሃኒ ተድራ ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

"አዎ፣ እትዬ" አልኳቸው። ላጽናናቸው ብዬ መዋሸት አቅቶኝ አይደለም፤ በዚያ ቤት ከእንግዲህ ሌላ ውሸት መጨመር አስጠልቶኝ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁና ለፋኑኤል ያመጡትን ምግብ መፍታት ጀመሩ።

በሆዴ የሰደብኳቸውን ሴት አሁን እወዳቸዋለሁ። የጥየቃ ቀን ሲሆን ዘንቢላቸውን ይዘው ቀድመው ይደርሱና፣ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ጥግ ይቀመጣሉ። ካልመጡ እኔ ነኝ ዓይኔ በር በሩን የሚያየው።

ባለፈው ድንገተኛ ክፍሉን ለማገዝ ተረኛ በነበርኩበት ቀን፣ ኮተቤ አካባቢ የሚኖር አንድ ሰው ልጁን በገመድ አስሮ አመጣ። ገና ከታክሲው ሲወርድ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቀው "በዘራችን የለም!" እያለ ነበር የገባው። ደክሞኝ ነበርና እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እትዬ ብዙነሽ ተነሱ። ከዘንቢላቸው የተቀደደ ነጠላ አውጥተው በልጁ እጅና በገመዱ መሀል አስገቡለት። ከዚያ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ወደ ጥጉ ጠጋ አሉ።

"በእኛ አለ" አሉት አባቱን። "ና፣ እዚህ ተቀመጥ።"

ሰውየው ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ አጠገባቸው ተቀመጠ።