አባቴን ፓርክ የወሰድኳቸው ቅዳሜ

እኔ የምለው፣ ዛፍ ለማየት ታክሲ የሚያዝበት ዘመን ይመጣል ብሎ ማን አሰበ? ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። መስኮቴን ስከፍት የሚታየኝ የጎረቤት የታጠበ ልብስ ነው።

የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ መነጽራቸውን፣ ቀጥሎ የእናቴን መሞት። «የት ሄደች?» ይሉኛል። አንድ ቀን እውነቱን ስነግራቸው ልክ እንደ አዲስ አለቀሱ። አሁን «ገበያ» እላለሁ።

«ሥራ ይቅለለኝና አንድ ቦታ እወስድዎታለሁ» ስላቸው ዓመታት አለፉ። መቼ ቀሎ ያውቃል? ባለፈው ቅዳሜ ግን ጨከንኩና ፏፏቴም አንበሳም ወዳለበት ሰፊ ፓርክ ይዣቸው ሄድኩ።

ፏፏቴውን ቆመው ብዙ አዩትና «ይኼን ማታ ማን ነው የሚዘጋው?» አሉኝ። አንበሳው ከመስተዋቱ ወዲያ ተጋድሞ ሲያዛጋ ደግሞ «እሱም ጡረታ ወጥቷል» ብለው አዘኑለት። ሳቅኩ። የድሮው አባቴ ተመለሱ አልኩ በሆዴ።

ጫካው መሃል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ተንበርክኬ የጫማቸውን ክር አሰርኩላቸው።

«ተባረክ ልጄ» አሉኝ።

ልቤ ሞቀ። ሽማግሌ ሁሉንም ሰው «ልጄ» እንደሚል ረስቼው ነበር።

«እዚህ ከተቀጠርክ ቆየህ?» አሉ ቀጥለው።

«ብዙም አልቆየሁ» አልኳቸው።

«ያንተ እኩያ ልጅ አለኝ። ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ጎበዝ ነው። ጊዜ የለውም እንጂ ይኼን ቢያይ ደስ ይለው ነበር።» ወደ ዛፎቹ ዞሩ። «እሱ ልጅ ሆኖ እኔ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነበርኩ። የትም ሳልወስደው አደገብኝ። ሳይቀየመኝ አይቀርም።»

«አልተቀየመዎትም፣ አባባ» አልኩ።

«አንተ በምን አወቅህ?»

የታሰረውን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ፊቴን ቀና ማድረግ አልቻልኩም።

«አንተስ፣ አባት አለህ?»

«አሉኝ።»

«በሕይወት?»

«በሕይወት።»

ተቆጡ። የምር ተቆጡ። «ታዲያ አባትህን ቤት አስቀምጠህ፣ በቅዳሜ ምድር የሰው ሽማግሌ ይዘህ ትዞራለህ? አታፍርም?»

«አጥፍቻለሁ» አልኳቸው። የፊታችን ቅዳሜ አባቴን እንደማመጣቸው ቃል ገባሁ።